ሞተሩ በመጨረሻ ይገዛ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በስፖርት ገጽ ላይ ስለ ድራግ እሽቅድምድም፣ ማለትም ሁለት መኪኖች ከቆሙበት ተነስተው ቀጥ ባለ የሩብ ማይል መንገድ ስለሚሽቀዳደሙበት ስፖርት፣ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለዚህ ስፖርት በአማርኛ እንዲህ በሰፊው ሲጻፍ ማየት ብርቅ ስለሆነ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ጽሑፉ ለጀማሪዎች የሰጣቸው ሁለት ምክሮች ብዙ ገንዘብ የሚያስወጡና መኪናውን ከማፍጠን ይልቅ የሚያዘገዩ ሆነው ስላገኘኋቸው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አንደኛው፣ ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ አቅሙ የፈቀደለትን ትልቅ ሞተር እንዲገዛ ይመክራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከኋላ ዲፍረንሻል ላይ 4.56 ምጣኔ ያለው ኮሮናና ፒኞን፣ ማለትም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ 4.56 ጊዜ የሚዞርበት የኋላ ማርሽ፣ ለማንኛውም መኪና ተስማሚ እንደሆነ ይናገራል። እኔ ግን ሞተር የሚመረጠው ክብደቱ፣ ጎማው፣ ካምቢዮውና የመወዳደሪያው ቦታ ከታወቁ በኋላ መሆኑን፣ የኋላ ማርሹም በስሌት እንጂ በዝና እንደማይመረጥ በራሴ ገንዘብ ከፍዬ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ ነው። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን)፣ ማርሽ የሚባሉትን ቃላት የተማርኩት በዘይት በተለወሰ እጄ ዕቃ እያቀበልኩ ነው። ዛሬ የምኖረው በሜሪላንድ ሲሆን፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተደቡብ በበድስ ክሪክ ወደሚገኘው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ አንድ አሮጌ ሼቭሮሌት ኖቫ ይዤ እሄዳለሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚያ ሜዳ አማርኛ የሚናገሩ ወጣቶችን ማየት ጀምሬያለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በተለይ እነርሱን እያሰብኩ ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ስህተት ልናገር። ኖቫውን እንደገዛሁ የሁለት ዓመት ቁጠባዬን ይዤ ወደ አንድ የሞተር መሥሪያ ቤት ሄድኩና ያላቸውን ኃይለኛ ሞተር ጠየቅኋቸው። የሸጡልኝ 350 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር፣ በ0.050 ኢንች ከፍታ ሲለካ 260 ዲግሪ ያህል ባልቦላውን ከፍቶ የሚያቆይ ካምሻፍት የሚባል ዘንግ የተገጠመለት ነበር። በወረቀት ላይ የሰፈረው የፈረስ ጉልበት የሚያስደስት ቢሆንም፣ ይህ ጉልበት መታየት የሚጀምረው ከ4,500 ዙር በደቂቃ በላይ እንደሆነና ከፍተኛው ላይ የሚደርሰውም ወደ 7,000 ዙር ተጠግቶ እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መኪናው ከኋላ የነበረው ከፋብሪካ የመጣው 3.08 ማርሽ ሲሆን ጎማው 26 ኢንች ቁመት ነበረው፤ በአውቶማቲክ ካምቢዮው ላይ የፍሪሲዮንን ቦታ የሚይዘው፣ በዘይት የሚሠራው ቶርክ ኮንቨርተርም ከፋብሪካ የወጣው ነበር። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣሁበት መኪና ሩብ ማይሉን በ14.9 ሰከንድ፣ በሰዓት 95 ማይል ጨረሰ። ከጎኔ የቆመው ሰው ምንም ያልተነካካ ሞተር ይዞ ቀደመኝ። በዚያ ምሽት ወረቀት አውጥቼ ሳሰላ ሞተሬ የመጨረሻውን መስመር ያለፈው በ4,000 ዙር ገደማ መሆኑን ደረስኩበት። ኃይሉ ከሚጀምርበት ዙር ሳይደርስ ውድድሩ አልቋል ማለት ነው።

ሞተሩን ሳልቀይር ካምሻፍቱን ወደ 224 ዲግሪ ዝቅ አደረግሁት፣ 2,800 ዙር ላይ የሚይዝ ቶርክ ኮንቨርተር ገጠምኩ፣ የኋላ ማርሹንም 4.10 አደረግሁት። ሞተሩ በወረቀት ላይ ከነበረው ጉልበት ከፊሉን አጥቷል፤ መኪናው ግን 13 ሰከንድ ሳይሞላ፣ በሰዓት 105 ማይል ጨረሰ። ሁለት ሰከንድ ያህል የተገኘው ጉልበት በመጨመር አልነበረም። የነበረው ጉልበት ከመኪናው ጋር እንዲጣጣም በመደረጉ ነው።

ማርሽ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ በጭነት መኪና የተሻገረ ሾፌርን ማሰብ ይበቃል። ዳገቱን ሲጀምር ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይወርዳል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን በዝግታ ይወጣል። ደጀን ሜዳው ላይ ሲደርስ ማርሹን ይጨምርና ሞተሩ ረጋ ብሎ መኪናው ይሮጣል። ሞተሩ ያው ነው፤ የተለወጠው በሞተሩና በጎማው መካከል ያለው ማንሻ ነው። ማርሽ የመጠምዘዝ ኃይልን ሲያበዛ በዚያው ልክ ፍጥነትን ይቀንሳል፤ የፈረስ ጉልበትን ግን አንዲት እንኳ አይጨምርም። የድራግ መኪና ችግሩ ዳገቱም ሜዳውም በ402 ሜትር ውስጥ መሆናቸው ነው። ከቆመበት ሲነሳ የዳገት ማርሽ ያስፈልገዋል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሳይዞር ከፍተኛ ጉልበቱን እየሰጠ መስመሩን ማለፍ አለበት። ስለዚህ ስሌቱ ከመጨረሻው መስመር ተጀምሮ ወደ ኋላ ይሠራል።

ቀመሩ ቀላል ነው። በሰዓት ስንት ማይል እንደምንሄድ በኋላ ማርሹ ምጣኔና በ336 እናበዛና በጎማው ቁመት በኢንች እናካፍላለን፤ የሚገኘው ካምቢዮው አንድ ለአንድ በሆነበት ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። 336 ከየትም የመጣ ቁጥር አይደለም፤ በአንድ ማይል ውስጥ ያለው 63,360 ኢንች ለ60 ደቂቃ ከተካፈለ በኋላ የክብ ዙሪያ ለማግኛ በሚያገለግለው 3.14 ሲካፈል የሚገኝ ነው። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ቶርክ ኮንቨርተሩ ስለሚንሸራተት 5 በመቶ ያህል መጨመር ያስፈልጋል። በመጨረሻው መስመር ላይ የሚኖረውን ፍጥነት አስቀድሞ ለመገመት ደግሞ የእሽቅድምድም ሰዎች የሚጠቀሙበት ሌላ ቀመር አለ። የመኪናው ክብደት ሾፌሩን ጨምሮ በፓውንድ ተወስዶ በፈረስ ጉልበቱ ይካፈላል፤ የውጤቱ ኩብ ሩት በ5.825 ሲባዛ የሩብ ማይሉን ሰከንድ ይሰጣል፤ 234 ለዚያው ኩብ ሩት ሲካፈል ደግሞ የመጨረሻውን ፍጥነት በማይል ይሰጣል። ጥሩ ጎማና ጥሩ አነሳስ ላለው መኪና ግምቱ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

አሁን ያለኝን መኪና ምሳሌ አድርጌ ልውሰድ። ከእኔ ጋር 3,200 ፓውንድ፣ ማለትም 1,450 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሞተሩ 383 ኪዩቢክ ኢንች ሆኖ 425 የፈረስ ጉልበት በ5,900 ዙር ይሰጣል። ቀመሩ 11.42 ሰከንድና በሰዓት 119 ማይል ይላል። ጎማዬ 28 ኢንች ስለሆነ በ3.73 ማርሽ መስመሩን በ5,600 ዙር አልፋለሁ፤ ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበቱ ላይ ገና እየደረሰ ሳለ ውድድሩ ያልቃል። በ4.10 ማርሽ 6,170 ይሆናል፤ ከከፍተኛው ጉልበት ጥቂት አልፎ፣ ሞተሩ ገና ሳይደክም ማለት ነው። ጋዜጣው ባመለከተው 4.56 ግን 6,860 ዙር ይሆናል፤ ሞተሩ ጉልበቱን ጥሎ፣ ብረቱ እየተጎዳ፣ የመጨረሻዎቹን መቶ ሜትሮች በጩኸት ብቻ ይጨርሳል። የጎማው ቁመትም ራሱ ማርሽ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ያንኑ 4.10 ይዤ የ26 ኢንች ጎማ ብገጥም ዙሩ ወደ 6,640 ይወጣል። ስለዚህ የጎማውን ቁመት ሳይጠይቅ የማርሽ ቁጥር የሚመክር ሰው የመልሱን ግማሽ ብቻ ነው የሚናገረው።

ይሁንና 4.56 በየትም ቦታ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም፤ ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ። ያ ቦታም ለብዙዎቻችን ቅርብ ነው። በባህር ወለል አቅራቢያ 425 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር፣ አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ተርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር ከሌለው፣ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ሲሊንደሩ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል። ጉልበቱ 327 ገደማ ሲሆን ያው መኪና 12.4 እና 12.5 ሰከንድ መካከል፣ በሰዓት 109 ማይል ይጨርሳል። በ4.10 ማርሽ መስመሩን የሚያልፈው በ5,650 ዙር ስለሚሆን ማርሹ ረዘመበት (ቁጥሩ አነሰበት) ማለት ነው፤ በ4.56 ግን 6,290 አካባቢ ይሆንና እንደገና ይስማማዋል። በኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ከ1958 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ሲያገለግል የቆየው ባንዲሜር ስፒድዌይ ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የነበረ በመሆኑ፣ ከቆላ የሚመጡ ተወዳዳሪዎች ማርሽም የነዳጅ አፍም ቀይረው ይገቡ ነበር። እዚያው ዴንቨር አጠገብ ባለችው በአውሮራ የሚኖሩ አንባቢዎቻችሁ ከሜሪላንድ ወይም ከቴክሳስ የሚላክላቸውን የማርሽ ምክር እንዳለ እንዳይቀበሉ አደራ እላለሁ። አዲስ አበባ ሆነው በስልክ ለሚጠይቁኝ የሙያ ወንድሞቼም የምሰጠው መልስ ይኸው ነው።

ካምቢዮውም ከሞተሩ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። በአሮጌ የሼቭሮሌት መኪኖች ላይ ተርቦ 350 የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ (ስሙ ነው እንጂ አየር ገፊው ተርቦ አይደለም) የመጀመሪያው ማርሽ 2.52፣ ሁለተኛው 1.52፣ ሦስተኛው 1.00 ነው። በ6,200 ዙር ማርሽ ብቀይር፣ የኮንቨርተሩን መንሸራተት ትቼ ስቆጥረው፣ ሞተሩ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲሄድ ወደ 3,740፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሄድ ወደ 4,080 ዙር ይወርዳል። በተግባር ኮንቨርተሩ ይህን መውረድ ያለዝበዋል፤ ነገር ግን ሞተሩ በ6,000 ላይ ብቻ ጎበዝ ሆኖ በ4,000 ላይ ሰነፍ ከሆነ ከእያንዳንዱ የማርሽ ለውጥ በኋላ መኪናው የሚያንቀላፋበት ጊዜ ይኖራል። ባለ ሁለት ማርሹ ፓወርግላይድ በእሽቅድምድም ሰዎች ዘንድ የተወደደው ቀላል፣ ጠንካራና ውጤቱ የማይለዋወጥ በመሆኑ ነው፤ የመጀመሪያ ማርሹ 1.76 ስለሆነ ግን ለከባድ መኪናና ለደካማ ሞተር አነሳሱ ይከብዳል። በ4.10 የኋላ ማርሽ ተርቦ 350 ሲነሳ ከ10 እጥፍ በላይ ያባዛል፤ ፓወርግላይድ 7.2 እጥፍ ብቻ ነው። ቀላል መኪናና ብርቱ ሞተር ያለው ሰው ያንን ልዩነት እንደ በረከት ያየዋል፤ ጎማው ባለበት እንዳይሽከረከር ይረዳዋልና።

ካምሻፍት ሲመረጥ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ሞተሩ የሚሠራበት የዙር ክልል ነው። የእኔ ሞተር ከ3,700 እስከ 6,200 ባለው ክልል ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ በ0.050 ኢንች ሲለካ በ230 እና በ236 ዲግሪ መካከል ያለ ካምሻፍት ይበቃዋል። ቶርክ ኮንቨርተሩም 3,500 ዙር አካባቢ የሚይዝ ሆኖ ከተመረጠ መኪናው ገና ከመነሻው ሞተሩ ጥሩ የመጠምዘዝ ኃይል በሚሰጥበት ቦታ ይነሳል። ከዚህ በላይ ያለው ካምሻፍት ሥራ ፈትቶ ሲቆም የሚያሰማው ድምፅ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ብዙ ወጣቶች በዚያ ድምፅ ተስበው እንደሚገዙት አውቃለሁ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ድምፁ ግን ሰዓቱን አያሳጥረውም።

ስለ ሞተሩ ውስጥም ጥቂት ልበል። የሼቭሮሌት ትንሹ ቪ-8 ሞተር በ1955 እ.ኤ.አ. 265 ኪዩቢክ ኢንች ሆኖ ተጀመረ፤ 350 የሆነው በ1967 ከካማሮ ጋር ነው። 383 የሚባለው ከፋብሪካው 350 ተነስቶ ሲሊንደሩ በ0.030 ኢንች ሰፍቶ፣ ምቱ (ፒስቶኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄድበት ርቀት) 3.48 ኢንች የነበረው ክራንክሻፍት 3.75 ኢንች ምት ባለው ሲተካ የሚገኝ ነው። ይህ ሞተር ለጀማሪ የተወደደው ለዚህ ነው፤ ተጨማሪውን ጉልበት የሚያገኘው ከፍ ብሎ በመዞር ሳይሆን በስፋቱ ስለሆነ ለባልቦላ ሞላዎችም፣ ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር ለሚያገናኙት ቢዬላዎችም ይራራል። በ6,200 ዙር የፒስቶኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 19.7 ሜትር ነው፤ በ7,000 ዙር ወደ 22.2 ሜትር ይወጣል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ቢዬላውን የሚጎትተው ኃይል ከዙሩ ጋር በቀጥታ አለማደጉ ነው፤ በካሬው ያድጋል። ከ6,200 ወደ 7,000 ሲኬድ ዙሩ የጨመረው 13 በመቶ ሲሆን በቢዬላ ብሎኖች ላይ የሚደርሰው ጭነት ግን 27 በመቶ ይጨምራል። እንግዲህ የተሳሳተ የኋላ ማርሽ ሞተር ይሰብራል ስል ማጋነኔ አይደለም። ከነዳጅ ማደያ የሚቀዳ 93 ኦክቴን ቤንዚን ለሚጠቀም ሰው አልሙኒየም ቴስታታ ይዞ የመጭመቂያ ምጣኔውን ከ10.5 ለ1 አለማሳለፍ ይሻላል፤ ከዚያ በላይ የሚገኘው ጥቂት ጉልበት ለሞተሩ ደኅንነት አይመጥንም።

ወጣቶቹ ዛሬ ከ350 ይልቅ ከአሮጌ ፒክአፖች የሚወጣውን 5.3 ሊትር ሞተር ገዝተው ተርቦ እንደሚገጥሙበት አውቃለሁ፤ ምርጫቸውንም አከብራለሁ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት የተመረተ፣ ብሎኩ የብረት የሆነ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ ብርቱ ሞተር ነው። ነገር ግን ተርቦ ሲመጣ የማርሹ ስሌት ይገለበጣል። 3,300 ፓውንድ የሚመዝን መኪና 600 የፈረስ ጉልበት ቢያገኝ በሰዓት 132 ማይል አካባቢ ይጨርሳል፤ በ28 ኢንች ጎማና በ4.10 ማርሽ ያ ማለት 6,850 ዙር ነው። በ3.73 ግን 6,230 ይሆናል። ተርቦው ደግሞ ሞተሩ ሸክም ሲሰማው ነው በደንብ የሚነፋው፤ ረዘም ያለ ማርሽ ይወዳል። እንግዲህ ከተርቦ በፊት የተገዛው 4.56 ተመልሶ መሸጥ ሊኖርበት ነው።

ትልቅ ቁጥር ያለው ማርሽ ፈጣን ነው የሚለው እምነት ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ስለማውቅ አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም ላይ ካሉት የእሽቅድምድም መኪኖች ሁሉ በፍጥነት ከቆመበት የሚነሳው ቶፕ ፊውል የሚባለው ሲሆን ጉልበቱ ከ11,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ነው። ይህ መኪና የሚቀያየር ማርሽ የለውም፤ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ቀስ በቀስ ይይዛል። የኋላ ማርሹም በውድድሩ ሕግ የተወሰነ 3.20 ነው። ከእኔ አሮጌ ኖቫ በብዙ ያነሰ ቁጥር ይዞ የሚሮጥ መኪና ነው እንግዲህ።

ሰው ሞተሩ ጉልበት ይነሰው ወይም ሌላ ነገር ይጉደለው የሚያውቀው ሜዳው ከሚሰጠው የሰዓት ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ፣ የተወሰደበት ጊዜ አለ፤ በመጨረሻ ደግሞ የማለፊያው ፍጥነት አለ። የማለፊያው ፍጥነት የሞተሩን ጉልበት ይናገራል፤ 60 ጫማው ደግሞ የጎማውን፣ የሞላውን፣ የኮንቨርተሩንና የማርሹን ነገር ይናገራል። በሰዓት 119 ማይል እያለፈ 12.3 ሰከንድ የሚወስድበት ልጅ አጋጥሞኝ ነበር፤ አዲስ ሞተር ሊገዛ ገንዘብ ይበደር ነበር። ወረቀቱን ስናየው 60 ጫማውን የፈጀው በ2.1 ሰከንድ ነው። ሞተሩ ምንም አልጎደለውም፤ ጎማው ነበር ባለበት የሚሽከረከረው። ለድራግ የተሠራ ለስላሳ ጎማ ገዝቶ፣ የአየር ግፊቱን ዝቅ አድርጎ፣ የኋላ ሞላውን አስተካክሎ 60 ጫማውን ወደ 1.6 ካወረደ በኋላ ያው ሞተር 11.6 ሰጠው። ከመነሻው የሚቀነስ እያንዳንዱ አሥረኛ ሰከንድ በመጨረሻው መስመር ላይ ከአንድ አሥረኛ በላይ ሆኖ ይመለሳል፤ ወጪውም ከሞተር ወጪ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ገንዘብ ከተነሳ ጽሑፋችሁ ፈጽሞ ያልነካው አንድ ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝም እርሱ ነው። ናሽናል ሆት ሮድ አሶሲየሽን በ1951 እ.ኤ.አ. በዎሊ ፓርክስ ሲመሠረት አንዱ ዓላማው ወጣቶችን ከሕዝብ ጎዳና አውጥቶ ወደ ተጠበቀ ሜዳ ማስገባት ነበር። በዚህ ማኅበር ደንብ 13.99 ሰከንድና ከዚያ በታች የሚሮጥ ሰው ሄልሜት ማድረግ አለበት፤ እንደ እኔ ያለ አሮጌ መኪና ከ11.49 ጀምሮ ሮል ባር (መኪናው ቢገለበጥ ሾፌሩን የሚጠብቅ የብረት ቅስት)፣ ከ9.99 ጀምሮ ወይም በሰዓት ከ135 ማይል ጀምሮ ደግሞ ሙሉ የብረት ኬጅ ይጠየቃል። እንግዲህ ከላይ ያሰላሁት 11.42 ሮል ባር የሚያስፈልገው መኪና ነው። ገንዘቡን ሁሉ በሞተሩ ላይ የጨረሰ ወጣት የመጀመሪያውን ፈጣን ሩጫ እንደጨረሰ ተቆጣጣሪዎቹ ሮል ባር እስኪያስገጥም እንዳይመለስ ይነግሩታል። በዚያ ተናድደው ፈጣን መኪናቸውን ሌሊት ወደ አውራ ጎዳና ይዘው የሚወጡ አሉ፤ በዚያ ጎዳና ላይ አምቡላንስ የቆመ የለም፣ የመኪናውን ፍሬን የመረመረ የለም፣ ከማዶ የሚመጣው ሰውም ውድድር መኖሩን አያውቅም። ስለዚህ የወጪው ዝርዝር ሲሠራ የመቀመጫ ቀበቶው፣ ሮል ባሩ፣ ሄልሜቱ፣ የፕሮፔለር ዘንጉ መያዣ ቀለበትና ፍሬኑ ከላይ ይጻፉ፤ ቀጥሎ ጎማው፤ ከዚያ የኋላ ዲፍረንሻሉና ኮንቨርተሩ፤ ሞተሩ በተረፈው ገንዘብ ይሠራ። በተረፈው የተሠራው ሞተር 50 የፈረስ ጉልበት ቢያንስ ከግማሽ ሰከንድ በታች ነው የሚያስከፍለው፤ ያም ቢሆን በብራኬት ውድድር ለማሸነፍ አያግድም። በዚያ ውድድር እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሰዓት አስቀድሞ ጽፎ ይገባል፤ የሚያሸንፈውም በመነሻ መብራቱ ላይ ንቁ ሆኖ ወደ ጻፈው ሰዓት የተጠጋ፣ ከጻፈው ሰዓት ግን ያልፈጠነ ነው። በ13 ሰከንድ የሚሮጥ መኪና በ10 ሰከንድ የሚሮጠውን ሲያሸንፍ በየሳምንቱ ይታያል፤ ደካማው አስቀድሞ ስለሚለቀቅ ማለት ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ በሚቀጥለው እትማችሁ 4.56 ማርሽ ለሁሉም መኪና ይስማማል የሚለው አባባል እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ፤ ቦታ ከተገኘም የ336ቱን ቀመር ብቻውን በትንሽ ሳጥን ብታትሙት ለወጣቶቹ ይጠቅማል። መኪናቸውን ለመሥራት ያሰቡ አንባቢዎች ክብደቱን ከነሾፌሩ፣ የጎማውን ቁመት፣ የካምቢዮውን ዓይነትና የሚወዳደሩበትን ቦታ ከፍታ ጽፈው በጋዜጣችሁ አማካይነት ቢልኩልኝ፣ ማርሹን ያለ ክፍያ አስልቼ እመልስላቸዋለሁ። የክብደቱ ቁጥር ግን በግምት እንዳይሆን፤ መኪናውን በሚዛን ላይ አቁመው፣ ነዳጅ ሞልተው፣ ራሳቸው ገብተው ተቀምጠው ያስመዝኑት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የጋራዥ ባለሙያ
ከሜሪላንድ